ሊፍቱ ሲቆም ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስለሚቀሩት ሁለት ሰዎች

በኒውክሌር ጉዳይ ለሚደራደሩ ኃያላን መንግሥታት የጋራ ጉባኤ
ለክቡር ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፡- ምስጋናና አንድ ግብዣ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ እየተራዘመ የሄደው ስብሰባ ጤናዎን እንዳያጓድልብዎ፣ ወገብዎም ከወንበሩ ጋር እንዳይጣላ ከልቤ እመኛለሁ። በቴሌቪዥን እንዳየሁት ወንበሩ ደህና ስፖንጅ ያለው ይመስላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ጋምቤላ ያለነው ከሙቀቱና ከፍርሃቱ በቀር ደህና ነን። ሙቀቱን ለምደነዋል።

እኔ ደመቀች እባላለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመንግሥት መኪና ተጭነው እዚህ ከሠፈሩት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ስሆን፣ ዛሬ በጋምቤላ ከተማ ቤታቸው ኑዌርኛና አኝዋክኛ ለሚናገሩ ሕፃናት አማርኛ አስተምራለሁ። አንቺ ስለ ዩራኒየም ምን አገባሽ ቢሉኝ እውነት አለዎት፤ አያገባኝም ነበር። ነገር ግን ሰሎሜ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ቦምብ እየሠራ ነው ከሚባለው መንግሥት ጋር ባሕር ማዶ ለማዶ በሚተያይ አንድ የዓረብ ከተማ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ባለ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ክቡርነትዎ ለዚያ መንግሥት የሰጡት ቀነ ገደብ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያበቃ በዜና ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ስለራቀኝ፣ ጊዜዬን በከንቱ ከማሳልፈው ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ሁሉም አማራጭ ጠረጴዛው ላይ እንደሆነ ደጋግመው ስለገለጹልን አመሰግናለሁ። አማራጭ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያ በጭነት ክፍል የሚሠራው ባለቤቴ ፍቃዱ ግን አንደኛው አማራጭ ጦርነት ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። ሰሎሜ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ስትወለውል የምትውል ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ነገር የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ግን በልምዷም አላጋጠማት።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ስለሆነው ነገር ነው። የእናንተ ወገን አውሮፕላኖች ተራራ ሥር የተቀበረውን ፋብሪካ መቱ፤ ያኛው ወገን በበኩሉ ሚሳኤሎቹን ባሕሩን አሻገረ። ሁለታችሁም በየቴሌቪዥናችሁ ድል ማድረጋችሁን ስላበሠራችሁን እንኳን ደስ ያላችሁ። ሰሎሜ ባለችበት ሕንፃ የአደጋው ጩኸት ሲሰማ ሊፍቱ ወዲያው እንዲቆም ይደረጋል። ለደኅንነት ነው አሉ፤ ለሊፍቱ ደኅንነት ይመስለኛል። አሠሪዎቿ ሁለት ሕፃናት አቅፈው በደረጃ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ እኔም ብሆን ልጆቼን አቅፌ እወርድ ነበር። የአሠሪዋ የባልየው እናት ግን በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖሩ ከባድ ሴት ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ደረጃ ተሸክሞ የሚያወርዳቸው አልተገኘም። እሳቸው ከቀሩ ደግሞ አብሯቸው የሚቀር ሰው ያስፈልጋል። ማን እንደቀረ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አያሻኝም።

በዚያች ሰዓት ደወለችልኝ። እኛ እዚህ ተኩስ ሲሰማ የምናደርገው አንድ ነገር አለ፤ ከመስኮት ርቀን መሬት ላይ በደረታችን እንተኛለን፣ ጥይት ከወገብ በላይ ነውና የሚሄደው። ሰሎሜን ይህንን ያስተማርኳት ፊደል ከማስቆጠሬ በፊት ነው። ስለዚህ ስልኩን እንዳነሣሁ፣ ሌላ የማውቀው ስላልነበረኝ፣ መሬት ላይ ተኚ ብዬ ጮህኩባት።

«እማዬ፣ ከሥሬ ሰባት ቤት አለ። የቱ መሬት ላይ ልተኛ?» አለችኝ።

በስብሰባችሁ ብዙ ሊቃውንት ስላሉ ምናልባት አንዳቸው መልሱን ያውቁት ይሆናል ብዬ ጥያቄዋን በትሕትና አቅርቤዋለሁ። ያን ዕለት እግዚአብሔር አሳለፈው፤ ሚሳኤሉን አየር ላይ መቱትና ስብርባሪው የመኪና ማቆሚያው ላይ ወደቀ። አሮጊቷ የልጄን እጅ ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ጎረቤቴ ኛፑዎክ፣ ኩሌ ወደሚባለው የስደተኞች ካምፕ እየተመላለሰች የምታስተረጉም፣ ጦርነትን በዓይኗ ያየች ሴት ናት፤ ስታጽናናኝ «ድምፁን ከሰማች አልፏታል ማለት ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ለመልካም ብላ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ድምፅ በማልሰማበት ሰዓት ሁሉ እፈራለሁ።

ነይ ብያታለሁ። ፓስፖርቷ ግን አሠሪዋ ጋ ተቆልፎበታል፤ እናንተም አንዳችሁ በተቆጣችሁ ቁጥር ሰማዩ ይዘጋል፣ በረራውም ይሰረዛል። ይህ ሁሉ ቢቃናልኝ እንኳ አሮጊቷን ለማን ትቼ ትለኛለች። ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ በዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዕቀቡ። የዚያን አገር ባለሥልጣናት አስጨንቋቸዋል ሲባል ሰምቼ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቼ አየኋቸው፤ አንዳቸውም አልከሱም። ባሕሩ በተበጠበጠ ቁጥር ግን የኛ ባጃጆች ነዳጅ ፍለጋ እስከ ገበያው ድረስ ተሰልፈው አይቻለሁ። እጃችሁ ረጅም እንደሆነ ተረድተናል፤ ወደየት እንደሚዘረጋ ብቻ ነው ያልገባን።

አራተኛ፣ ያኛውን ወገን ዝም ብላ እኛን ትወርፋለች እንዳይሉኝ፤ እኔ የዚያ መንግሥት ጠበቃ አይደለሁም። ጎረቤቶቼን ከምድረ ገጽ አጠፋለሁ እያለ በአደባባይ የሚፎክር፣ የገዛ ወጣቶቹን ጥያቄ ጠየቃችሁ ብሎ ወህኒ የሚያጉር መንግሥት እንዲህ ያለ መሣሪያ እጁ ሲገባ ለማየት አልፈልግም። ለመብራት ነው ይላል። እኛም ጋምቤላ ውስጥ መብራት ጠዋት ማታ ይጠፋብናል፤ ነገር ግን መብራት የቸገረው ሰው ጄኔሬተር ገዝቶ ጎረቤቱን በድምፁ ያውካል እንጂ ተራራ ቦርቡሮ አይደበቅም። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መላካችሁ ደግ ነው። የሚመጡበትን ቀን አስቀድማችሁ ማሳወቃችሁ ደግሞ የበለጠ ደግነት ነው፤ የኛም ትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር የሚመጣበትን ቀን ስለሚያውቅ ያን ዕለት የማይጸዳ ክፍል የለም።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ቢተዉትም እፈራለሁ፣ ቢመቱትም እፈራለሁ። ቦምቡ ከተሠራ ልጄ ዕድሜዋን በጥላው ሥር ትኖራለች፤ እንዳይሠራ ብላችሁ ብትመቱት ደግሞ የበቀሉ መንገድ በእሷ መስኮት በኩል ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። በኛ ክልል ዝሆኑም ሳሩም ስላለ ነገሩን በቅርብ እናውቀዋለን፤ ሳሩ ክረምት ሲገባ መልሶ ይበቅላል። እኔ ያለችኝ ሰሎሜ አንድ ናት።

አሁን ክቡርነትዎን ለመምከር ሳይሆን፣ በስብሰባው ዕረፍት ላይ እንዲያነቡት አንድ ነገር ላጫውትዎ።

ሰሎሜ ገና ጡት ሳትጥል፣ ባሮ ወንዝ ዳር ባለች መንደር አስተምር ነበር። በዚያ ሁለት የአኝዋክ መንደሮች በዓሣ ማጥመጃ ቦታ ተጣልተው፣ ወጣቶቻቸው ጦር ይዘው ይጠባበቁ ነበር፤ ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደኝ መንገድ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያልፋል። አኝዋኮች ጠብ የሚያበርዱበት ጉርቶንግ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ሁለቱም ወገን በሕዝብ ፊት የጦሩን ጫፍ ያዶለድማል። ኡቻላ የሚባሉ ሽማግሌ ለዚሁ ሲሉ ሁለቱን ወገን ማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። እኔም ሰሎሜን አዝዬ ከተመልካቹ ጋር ቆምኩ።

ክቡርነትዎ አሳምረው የሚያውቁት ችግር ወዲያው መጣ። ማን ይቅደም? አንዱ ወገን ያኛው ያዶልድምና እኛ እንከተላለን ይላል፤ ያኛውም ያንኑ ቃል ይመልሳል። አንዱ «ቤት የደበቅኸውን ጦር አምጣ» ሲል፣ ሌላው «ቤት ያለው የአባቴ ማስታወሻ ነው» ይላል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ሄደች። ደግነቱ የምሳ ግብዣ አልነበረም፤ እንደናንተ ሆቴል ምሳ ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው በተገኘን ነበር።

ኡቻላ መናገር ሰለቻቸውና ተነሡ። በዚያ መንገድ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠርተው በሁለቱ ሰልፎች መካከል መሬት ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንቺም በዚህ ታልፊያለሽና ነይ ተቀመጪ አሉኝ። ልጅ አዝያለሁ ብላቸው፣ ለዚሁ ነው የጠራሁሽ አሉ። ሰው ሁሉ እያየኝ እምቢ ማለት አፈርኩና ተቀመጥኩ። እሳቸው ወደ ዳር ወጡና ሁለቱንም ወገን በተራ አዩ።

«አሁን የፈለገ ይወርውር» አሉ።

ሰሎሜ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ትንፋሿ አንገቴን ይነካኛል። ፊት ለፊቴ ጦር ይዞ የቆመውን ጎረምሳ አውቀው ነበር፣ ታናሽ ወንድሙን አስተምሬዋለሁ። እሱም አወቀኝ፤ ከእኔ ላይ ዓይኑን ማንሣት አቃተው። ብዙ ከቆየን በኋላ በግራ በኩል ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ተሰማ፤ ከቀኝም ተከተለ። ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ግን ቁጭ ብለው ዓሣ እየበሉ ነው የሚከራከሩት።

ኡቻላን ለረጅም ጊዜ አኩርፌያቸው ኖርኩ፤ እኔንም ልጄንም ሳያስፈቅዱ ጦር መሃል ጣሉን እያልኩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሳስበው፣ እሳቸው ያስቀመጡን አዲስ ቦታ አልነበረም፤ ድሮም መሃል ነበርን። እሳቸው ያደረጉት እንድንታይ ብቻ ነው። ሚሳኤል ጦር እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ሚሳኤል የሚወረውር ሰው ፊት ለፊቱ ማን እንደተቀመጠ አያይም። እኔንም የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

በመሆኑም ቀነ ገደቡ ከማለቁ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ ድርድር ከሐይቁ ዳር ሆቴል ተነሥቶ፣ በሰሎሜ አሠሪዎች ሳሎን፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ እንዲካሄድልኝ በታላቅ አክብሮት እጋብዛለሁ። የናንተም የነሱም ተደራዳሪዎች ከነጄኔራሎቻቸው ይምጡ። የቤቱን ባለቤቶች አላስፈቀድኩም፤ ኡቻላም እኔን አላስፈቀዱኝም። ጠረጴዛው ንጹሕ ነው፣ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ። እናንተ በወዲህ፣ እነሱ በወዲያ ይቀመጡ፤ አሮጊቷ በተሽከርካሪ ወንበራቸው መሃል ይሁኑ፣ ሰሎሜም ከጎናቸው ትቀመጥ። ሊፍቱ ይዘጋ። ከዚያ የፈለገ ይወርውር።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሰጡትም ቀነ ገደብ፣ ገና ላልሰጡኝም መልስ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ወፍራም ግድግዳና ጥልቅ ምድር ቤት እንዳያሳጣዎ ፈጣሪዬን እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ፍርሃት ጋር፣

ደመቀች
የሰሎሜ እናት
ጋምቤላ

ግልባጭ፡-
ቦምብ እየሠራሁ አይደለሁም ለሚለው ክቡር መንግሥት (አድራሻው ተራራ ሥር ስለሆነ ክቡርነትዎ እንዲያደርሱልኝ)
ተይው፣ ማን ያነብልሻል ላለኝ ለባለቤቴ ለፍቃዱ

የዘነጋሁት፡- ሰሎሜ እንደነገረችኝ ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሰው ከበዛና አንድ ሰው መውጣት ካለበት ሰሎሜ ትውጣ፤ እግሯ ጠንካራ ነው፣ ደረጃውን ቶሎ ትወርደዋለች። ክቡርነትዎ በእሷ ቦታ ይቀመጡና የአሮጊቷን እጅ ይያዙልን። ግራውን ይያዙ፣ ቀኙን ያማቸዋል። ጩኸቱ ሲጀምር በጣም ስለሚያጠብቁ፣ ከዚያ በኋላ ተነሥቶ መሄድ አይቻልም።