የእማሆይ አክሲዮን

ልጄ ባምላክ፣ የጣናዋ ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። እኛ ደኅና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል።

ያ አክሲዮኑን የገዛህልን፣ በመስታወት ክር ብርሃን የሚያመላልስ ቺፕ የሚሠራው ትንሽ ኩባንያ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ዋጋውን ሰው ስላላወቀለት ነው የረከሰው» አልኸን፤ የቆጋ ድንችም እኮ የሚረክሰው ሊበሰብስ ሲል ነው።

ልጄ፣ አባትህ አክሲዮን ግዛበት ብሎ የላከልህ ገንዘብ የእኛ ብቻ አይደለም። ጽዋ ማኅበር ላይ ቢያወራው «ለእኛም ይግዛልን» አሉት። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ለተዝካራቸው ያስቀመጡትን ሰጡ። ትናንት «ገንዘቤ ደኅና ነው?» ቢሉኝ፣ ጽዋውን እንደያዝሁ «አድጓል» ብዬ ዋሸሁ።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። የእኛ እዚያው ይቆይ፤ የእማሆይን ብቻ ሽጠህ ላክልኝ። ሰሞኑን ሳል ጠንቶባቸዋል።