ለአራተኛ ጊዜ ስለተወሰደው የወንድሜ ደም

ትናንት ሰኔ 2 ቀን የታላቅ ወንድሜ የማቴዎስ ደም ለምርመራ ለአራተኛ ጊዜ ተወሰደ።

ለተከበረው የሪፈር ኮሚቴ
ሆሳዕና

የከበረ ሰላምታዬ ከሞርሲቶ ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጠነከረ፣ የልባችሁም የደም ስር ከእናንተ ቢሮ በተሻለ ሁኔታ የሚያሳልፍ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

መዝገባችሁ እንደሚያሳየው፣ መጋቢት ላይ አዲስ አበባ የሄደው ወንድሜ ከሁለቱ የጠበቡ የልብ ደም ስሮቹ አንዱ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ሲከፈትለት፣ እዚያው ሕክምናው መሀል ደም ረግቶ መልሶ ዘጋው። ሐኪሞቹ እንደ ምንም ከፈቱት፤ የደም ስሩን ምስል ለማንሳት የሚሰጠው ቀለም ግን ኩላሊቱን ስለጎዳው ሁለተኛውን ሳይነኩ መለሱት። ሲያገግም፣ ከሰባት ቀን ያላለፈ የኩላሊትና የደም መርጋት ምርመራ ውጤት እናንተ ከምትሰጡት የሪፈር ወረቀት ጋር ይዞ እንዲመጣ አዘዙ።

ስለዚህ ላመሰግናችሁ የሚገባኝ፦

1. ማመልከቻ ከነደም ውጤቱ ከስብሰባችሁ አሥር ቀን ቀድሞ እንዲገባ ስለደነገጋችሁ። አሥር ከሰባት እንደሚበልጥ የአዲስ አበባ ሐኪሞች ሦስት ጊዜ ወንድሜን ከደጅ በመመለስ አስረድተዋል፤ እናንተ ግን በአቋማችሁ ጸንታችኋል።

2. አዲስ ውጤት በእጄ ይዤ ልሂድ ሲላችሁ፣ ከወረቀቱ ጋር ያልታሰረ ውጤት እንደማይቆጠር ስላስተማራችሁት።

3. ስለ መንፈሳዊ ሕይወታችን። ምእመናኑ እጅ ጭነው፣ ጸልየው ሦስት ጊዜ ሸኝተውታል። ባለፈው እሑድ ሽማግሌው አቶ ቲቶ፣ «ጌታ እኮ ገና በመጀመሪያው ሰምቶናል፤ አሁን እጃችንን መጫን ያለብን ኮሚቴው ላይ ነው» ብለው ጉባኤውን አሳቁት። ማቴዎስም ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ያችን አጭር መንገድ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰኔ 10 ደሙ እንደገና ይወሰድና፣ አዲሱ ውጤት በአሮጌው ምትክ ከወረቀቱ ጋር ይታሰርልን።

በደረጃችሁ ላይ በማመላለስ ጉልበቷን ላበረታችሁላት ውለታ በአክብሮት እጅ የምትነሳ፣
ጵርስቅላ አሳምነው
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ዛሬ ሳስገባ፣ ለስብሰባው ዘጠኝ ቀን ብቻ ስለቀረ ልመናዬ በአንድ ቀን መዘግየቱን ጸሐፊያችሁ በትሕትና ነግረውኛል። የማቴዎስ የአዲስ አበባ ቀጠሮ ዓርብ ሰኔ 13 ጠዋት ነው። ልመናዬ ይታይ ወይስ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር የሚለው ሐሙስ ሰኔ 12 ከሰዓት በኋላ በዚያው ስብሰባ ይወሰናል።