ዓርቡን ወደ ቅዳሜ አዙሪው

ይድረስ ለእህቴ ለብርቅታይት፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እማዬ እንዴት ናቸው፣ ደም ግፊታቸው ጋብ አለላቸው? ባለቤትሽ ተክለማርያምና ልጃችን አርያም ደኅና ናቸው? የሐዋሳ ዝናብ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ያስቸገረኝ የዚህ አገር ሙቀት ብቻ ነው።

የላክሽልኝን ፎቶ ካዚኖው ውስጥ ከእኔ ጋር ሺፍት ለሚገባ ሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። እህቴ በአርባ ሰባት ዓመቷ ብስክሌት ተምራ፣ በአራት ወሯ አምስት ሴት መምህራን ጓደኞቿን አስከትላ ሻሸመኔ ልትሄድ ነው እያልኩ ስኮራ ሰነበትኩ። ተናድጄብሻለሁም። የሄልሜትሽ ማሰሪያ አገጭሽ ሥር ተንዘላዝሏል። እንዲህ ከሆነ ቤት ብትተዪው ይሻላል፤ ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ አጥብቂው። ኮርቻሽም ዝቅ ብሏል፤ ጉልበትሽን ያሳመመሽ እሱ ነው። ተረከዝሽን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፊ እግርሽ ቀጥ እስኪል ድረስ ከፍ አድርጊው።

በቀኝ በኩል ሂጂ፣ ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገባ በይ። ጠርዙን ከታከክሽ አይሱዙው ቦታ ያለ ይመስለውና ገፍትሮሽ ያልፋል። እዚህ ቬጋስም ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የሚነዳው፤ እኔ አንድም ሾፌር አየኝ ብዬ አላምንም። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ቀንሺ። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑን ብቻውን አትያዢ። ወደ ሐዋሳ የምትመጣው የሥራ ባልደረባዬ ናጃት ለጎማሽ ሁለት መለወጫ ካላማዳሪ ታቀብልሻለች፤ አቀያየሩን ሳትወጪ ቤትሽ ተለማመጂ።

ከሁሉ ያስቆጣኝ የመረጥሽው ቀን ነው። ነሐሴ ሁለት ዓርብ፣ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እነዳለሁ ብለሻል። ሁለት ዓመት ከቤታችን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። እኔም በፍልሰታ ማውንተንስ ኤጅ ከሚባል ሰፈር ተነሥቼ፣ ሁለት ኮዳ ሙሉ ውሃ ብስክሌቱ ላይ አስሬ፣ በዚያ ሙቀት አንድ ጉንጭ ሳልጠጣ ሦስት ሰዓት ነዳሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው መንገድ ዳር ተዘርሬ፣ አብሮኝ የሚነዳው ተፈሪ ፊቴ ላይ ውሃ ሲያፈስብኝ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ለማን ነው የምትሸከመው?» አለኝ። የንስሐ አባቴ ደግሞ ከእሱ ባሱ፤ «ልጄ፣ ይህ ትዕቢት ነው፤ ጾም አትበለው» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምህንድስና የተማርኩ ሰው ኮዳ መክፈት ከእነሱ ተማርኩ።

ስለዚህ ዓርቡን ወደ ቅዳሜ አዙሪው። ቅዳሜ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ አይጾምም። ጠዋት በሶ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ውሃውን ሳይጠማሽ በየሩብ ሰዓቱ ተጎንጪ። እነዚያ ሴቶች አንቺን እያዩ ነው የሚነዱት፤ አንቺ ካልጠጣሽ እነሱም አይጠጡም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አርያምን ጉንጯን ሳሚልኝ። ተክለማርያምን ሰላም በይልኝ፤ ሰው ይስቅብናል ማለቱን ትቶ ጎማሽን ጠዋት ጠዋት ይንፋልሽ። ይህን ደብዳቤ ከመነሣታችሁ በፊት ለአምስቱም ጓደኞችሽ አንብቢላቸው፤ የወደቅሁበትን እንዳታስቀሪ። ለእማዬ ስታነቢላቸው ግን እሱን እለፊው።

ወንድምሽ ስምዖን ወልደማርያም
ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.