የጀናዛው ውሃ ሙቀት

ቡታጅራ፣ ጥር 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሸረፋ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም። ልጅህ ዘይባ በሕይወት አለች። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ባለፈው ዓርብ ከገበያ ስትመለስ የጣሊያን ካሚዮን ገጭቶ ጣላትና ጭንቅላቷ ድንጋይ ላይ አረፈ። ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሳትም። ቤት ስናደርሳት ግን ብንጠራት አትሰማ፣ ብንነካት አትነቃ፣ ገላዋ በረዶ ሆነ። ትንፋሿን ባዳምጥ አጣሁት። ሞታለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም። ጠባዬን ታውቀዋለህ፤ ነገር ሲንዛዛ አልወድም። "ከዐስር ሶላት በፊት እንቅበራት" ብዬ ቆፋሪዎች ላክሁ፣ ከፈኑንም በእጄ ቀደድኩ።

ያጠበቻት የጎረቤታችን የሀቢቡ ሚስት ከድጄ ናት። ትንሽ ቆይታ ከመጋረጃው ጀርባ ስሜን ጠርታ ጮኸች።

"ሰማን! ይቺ ልጅ ሞቀች እኮ!"

"የሞቀው ውሃው ነው፣ ዝም ብለሽ እጠቢ!" አልኳት ተቆጥቼ።

"ስንት ጀናዛ አጥቤያለሁ! ሬሳ ቆዳው እንጂ ውስጡ አይሞቅም። የዚች ብብቷ ሳይቀር ሞቋል እያልኩህ ነው!"

ይሄኔ ክረምት ላይ ያረድኩት በግ ትዝ አለኝ። ምን ቁም ነገር አለው ብዬ አልጻፍኩልህም ነበር። አዙሪት ይዞት ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ፀሐይ ላይ ሳወጣው ይግላል፣ ጥላ ሥር ሳስገባው ይበርዳል፤ የራሱ የሚባል ሙቀት የለውም። ሁለት ጊዜ ሞቷል ብዬ ልጥለው ስል ፀሐይ ሲነካው ተነሣ። አርጄው ራሱን ስፈልጠው ከአንጎሉ በታች፣ ከሥሩ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አገኘሁ። ሥጋ የሚመረምረው የጣሊያን የከብት ሐኪም አይቶት በአስተርጓሚ፣ "እንቅልፍንና የገላን ሙቀት የሚያዘው ይህ ቦታ ነው፤ በበግም በሰውም ያው ነው። እዚህ ጋ ከተጎዳ ሳይሞትም ይቀዘቅዛል" አለኝ። እኔ ሞኙ ሳቅሁበት።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከአጎዛው ላይ ጥቂት የበግ ፀጉር ነጭቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ፀጉሩ ተንቀሳቀሰ።

ከድጄ እሪ አለች፣ ለቀብር የመጣው ሰው ግማሹ ሸሸ። መቃብሩ እኮ ተቆፍሮ አልቆ ነበር፣ ሸረፋ!

አሁን በአጎዛ ጠቅልለን፣ ድንጋይ እያጋልን በጨርቅ ከጎኗ እያደረግን፣ ወተት በጠብታ እየሰጠን ስድስተኛ ቀናችን ነው። እኛ ካላሞቅናት ትቀዘቅዛለች። ትናንት ግን ዓይኗን ገልጣ "አባዬስ?" አለች፤ መልሳ ተኛች። ኢንሻአላህ ትድናለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወታደሩ አባታችንን በሰደፍ ራሳቸውን የመታቸው ጊዜ የጻፍኩልህ ደብዳቤ አለህ? "የተኙ ነው የሚመስሉት፤ ሲታጠቡ ገላቸው ሞቀ፣ እስከ መቃብራቸውም አልቀዘቀዙም፣ የበረካ ምልክት ነው" ብዬህ ነበር። አንተም ደስ ብሎህ እዚያ ላለው የአገር ሰው ሁሉ አነበብክላቸው።

ያን ቀንም ቶሎ በሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አቃጥልልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

አላህ በሰው አገር ይጠብቅህ፣ ልጅህን በእግሯ ቆማ ለማየት ያብቃህ። እኔንም ይቅር ይበለኝ።

ታላቅ ወንድምህ ሰማን

ለዘይባ የተቆፈረውን ጉድጓድ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ራሴ ደፈንኩት። ከአባታችን መቃብር ጎን ነው። ስጨርስ በእሳቸው አፈር ላይ ተኝቼ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ።