ስድሳ ሳንቲ ሜትር

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አንደኛው የዘይት ታንከር፦ እኔ በተከልኩት የራዳር መለኪያ 4.10 ሜትር። በመጋዘን ኃላፊው በአው ዩሱፍ ሜትር 3.50።

ሁለቴ ለካን። ያው ነው። የእኔ አዲስ ነው፤ ከክዳኑ ላይ ሆኖ በብረት ዘንግ ወደ ታች ምልክት ይልካል፣ ዘይቱ ሲመልሰው ከፍታውን ያሰላል። የእሳቸው ጥቅል የብረት ሜትር። ቢስሚላሂ ብለው ይለቁታል፤ ሲወጣ ዘይት የነካውን በጣታቸው ይዳስሳሉ። በዚህ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የለኩት።

«ያንተው ዘይት ውስጥ ቆሞ ይዋሻል!» አሉኝ። ሳቅን።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ሳቅ የለም። ሥራ አስኪያጁ መጋዘኑ በር ላይ፣ ሠራተኛው እየሰማ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው አው ዩሱፍን አሳንሰው የሚመዘግቡት ዘይት በየት እየወጣ እንደሚሸጥ ጠየቋቸው። አው ዩሱፍ አልጮኹም። ቁልፉን ከወገባቸው ፈተው አስረከቡ፤ ወደ ቤታቸው፣ ወደ አቦከር ሰፈር ሄዱ።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መሣሪያዬን አምኜ። ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ማስታወሻዬ፦ ደስ አላለኝም።

ግንቦት 11፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 10

ታንከሩ ሊታጠብ ባዶ ሆነ። ራዳሩ 0.60 ይላል። ባዶ ታንከር!

ገባኝ። ስተክለው ዘንጉ ከታንከሩ ስለረዘመ ከታች ስድሳ ሳንቲ ሜትር ቆርጬለት ነበር። አዲሱን ርዝመት ግን መሣሪያው ላይ አልሞላሁም። የቆረጥኩትን ሁሉ ዘይት አድርጎ ሲቆጥር ሰነበተ።

ሞላሁ። 0.00። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን በቃልም በጽሑፍም ገለጽኩ። ሽማግሌውን ጥራቸው፣ ቢሮ እናነጋግራቸዋለን አሉ።

በባጃጅ አቦከር። አው ዩሱፍ በራቸው ላይ ቆመው ጨርሰው ሰሙኝ። አፉ ይበሉኝ አልኳቸው።

«አፉ ብያለሁ። አንተ የቆረጥከው ብረት ነው። ሌባ የተባልኩት ግን መጋዘኑ በር ላይ ነው። ወላሂ፣ ቢሮ ውስጥ በሹክሹክታ አልታረቅም!»

መልሱን አደረስኩ። ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ይከብዳቸዋል። ሰኞ 3 ሰዓት ይነግሩኛል።

ራዳር የምተክልባቸው ሦስት ታንከሮች ቀርተውኛል። ሥራ አስኪያጁ እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ይቅርታ ካልጠየቁ አንዱም ላይ አልተክልም። ይሄንን ገና አልነገርኳቸውም።