«ጥፋቱ የእኔ ነው» ያልክ ቀን

ከድር፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አላህ ይዘንልህ እያልኩ ከረምኩ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው።

የቀበናው ቤታችን እንደተውከው ነው፤ የጓሮው አጥር ብቻ በአዲስ ቆርቆሮ ተለውጧል። ልጃችን ሃያት እዚያው ሲ.ኤም.ሲ ባለው መሥሪያ ቤቷ የክፍል ኃላፊ ሆናለች። ደስ ይበልህ ልልህ ነበር። ባለፈው ሳምንት መጥታ ያወራችኝን ስማ። ራሷ ቀን አሳስታ የጻፈችውን ደብዳቤ «ጸሐፊዋ ናት ያበላሸችው» ብላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሴትየዋን አዋረደቻት። ሴትየዋ አለቀሰች። ልጅህ ይህን የምትነግረኝ እየሳቀች ነው!

«እንዴት አስቻለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«እማ፣ ካልጠነከርሽ ይንቁሻል። ‹አባትሽን የረገጡት ለስላሳ ስለሆነ ነው› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

አዎ፣ ብያለሁ።

ያ አውቶቡስ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት ባሕር ዛፍ የገጨ ጊዜ የጋራዡ ኃላፊ አንተ ነበርክ። ሰው አልሞተም፤ የአውቶቡሶቹ ባለቤት ግን የሚያባርረው ሰው ፈለገ። ፍሬኑን የሠራው ታደሰ ነበር፣ የሦስት ልጆች አባት። አንተን ማንም አልጠየቀህም። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ወጥተህ «አይቼ ይውጣ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልክ። ከኃላፊነት አወረዱህ። ቱታ ለብሰህ፣ ትናንት ስታዛቸው ከነበሩት ጋር መኪና ሥር ገባህ።

እኔስ ምን አልኩህ? «አንተ ወንድ አይደለህም።» ልጃችን እየሰማች። አንተ ዝም አልክ። ለምን ዝም አልከኝ? እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ እሱ ነው። አንዲት ቃል ብትመልስልኝ ልጅቷ የሁለታችንንም ትሰማ ነበር። የሰማችው የእኔን ብቻ ነው።

ለቅሶህ ላይ ታደሰ አጠገቤ ተቀምጦ «ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ጋ ስህተቱን የሚደብቅ ጠፋ። ያበላሸ ሁሉ ሮጦ ለከድር ነበር የሚነግረው፤ ኃላፊው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ» አለኝ። ባለፈው ሳምንት፣ ስጮህባት፣ ይህን ሁሉ ለሃያት ነገርኳት። በሩን በላዬ ወርውራ ሄደች።

በአራተኛው ቀን፣ ትናንት ደወለች።

«ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሁሉም ባሉበት።»

«ናቁሽ?»

«አንድም የሳቀ የለም። ጸሐፊዋ ግን ቀና ብላ አላየችኝም» አለችና ማልቀስ ጀመረች። አላባበልኳትም። ታልቅስ።

ንዴቴ አልበረደም፣ ከድር። አብዛኛው በራሴ ላይ ነው። አንተ በአንድ ሙሉ ጋራዥ ፊት ያልካትን ቃል፣ እኔ እዚሁ ቤታችን ውስጥ ለአንድ ባሌ ማለት አቃተኝ። አሁን ብላት ማን ይሰማኛል?

ግን አንድ ነገር ልማልልህ። ሃያት የወለደች እንደሆነ ለልጆቿ ስለ አያታቸው የምነግራቸው እኔ ነኝ። የጋራዡ ቀን ላይ ስደርስ፣ ምን ብዬ እንደሰደብኩህ ሳልዘል እነግራቸዋለሁ።

ሚስትህ መርየም