ኔትወርክ የለም ያልኩባቸው ቀናት

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ቢሮ ገባሁ። ብቻዬን። በር ላይ ጥበቃችን ስመኘው፣ ጋቢውን ተከናንቦ። “ምነው ኢንጂነሩ፣ በሰንበት?” አለኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። አላረምኩትም።

ሰርቨሩ ላይ አዲሱን ሲስተም ጫንኩ። ማንም አላዘዘኝም። የድሮውም ይሠራ ነበር... ግን ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ “እስካሁን በዚያ ነው የምትሠሩት?” ብሎ ሳቀብኝ። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። የስንቱ ገበሬ የመሬት መዝገብ ያለበት ማሽን በአንድ ሰው ሳቅ ተነካ።

ሲስተሙ ሲጫን ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁሉንም እሺ አልኩት። መጨረሻ ላይ የሆነ ቀይ ጽሑፍ መጣ። አለፍኩት። ቀይ ሁሉ ክፉ ነው እንዴ? ቲማቲምም ቀይ ነው። ማሽኑ ተነሣ። ራሴን ሻይ ጋበዝኩ።

ጥር 15፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ገና በጠዋቱ ያምሮት ከመስኮት ቁጥር ሁለት ጮኸች፦ “ክንፌ፣ መዝገቡ አይከፍትም!” ከዚያ የሁሉም ኮምፒውተር እንዲሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው... ኮምፒውተሮቹ መዝገቡን የሚፈልጉት በስሙ ነው። “እሱ ማሽን እዚህ ቁጥር ላይ ነው” ብሎ የሚነግራቸው ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ሰርቨሩ ላይ። እሱ ዝም ብሏል። ቢጠሩት የለም። በቁጥሩ ልግባ ብዬ ሞከርኩ። በሩ ተከፈተ፤ ውስጥ ያሉት የመዝገቡ ክፍሎች ግን እርስ በርሳቸው በስም ነው የሚጠራሩት፣ እዚያው ቆመ። ለማን ነው የማብራራው? ቅዳሜ ዕለት ነበር ለራሴ ማብራራት።

ከተሰለፈው ሰው አንዱ “ምን ተፈጠረ?” አለ። ዓይኔን በጨው አጥቤ “ኔትወርክ የለም” አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የጠየቀ የለም። እንዴት ያለ የተባረከ ቃል ነው!

አንዲት እናት ብቻ አልሄዱም። ወይዘሮ አልጣሽ፣ ከገበዝ ማርያም። ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፣ አርፈዋል። የባላቸው ወንድም መሬታቸውን ገፍቶ አርሶ ይዞባቸዋል። ነገ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ዳኛው የይዞታሽን ቅጂ አምጪ ብለዋቸዋል።

“ኔትወርክ የለም፣ እማማ።”

“ይሁን ልጄ። ያ ዘበኛ ግን ስልኩን እያየ ይንከተከታል። የእሱ ከየት መጣ?”

ስመኘው... ምነው ዛሬ እንኳ ብታዝን!

“የእሱ ሌላ ነው” አልኩ። ምኑ ነው ሌላ?

ጥር 16፣ ማክሰኞ

አጠፋሁ፣ አበራሁ። አጠፋሁ፣ አበራሁ።

ጥር 17፣ ረቡዕ

ገመድ ቀየርኩ። ገመዱ ምን በደለ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን አቶ ወንድምአገኝ መጡና “ምሳ እንኳ አልበላህም። ምነው እንዳንተ ያለ ሌላ ሠራተኛ በኖረን!” አሉኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። “አመሰግናለሁ” ወጣ። ፈገግም ብያለሁ መሰለኝ... ፈገግ!

ጥር 18፣ ሐሙስ

ወይዘሮ አልጣሽ ተመለሱ። ማክሰኞ ባዶ እጃቸውን ቀርበዋል። “ዳኛው ሰኞ ካላመጣሽ ባለው እወስናለሁ ብለውኛል” አሉ። ያለው ደግሞ የባላቸው ወንድም ምስክሮች ናቸው።

በዚህ መሃል አቶ ወንድምአገኝ ከቢሯቸው ብቅ ብለው “ለኔትወርክ ሰዎቹ ደውልላቸው እንጂ!” አሉ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። “አቤት... አዎ፣ ከሰኞ ጀምሮ... እሺ ጌታዬ...” እያልኩ ሳለ ስልኩ እዚያው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እናቴ ነበረች።

አቶ ወንድምአገኝ በሩን ዘግተው ገብተው ነበር፣ እግዜር ሲያተርፈኝ። ወይዘሮ አልጣሽ ግን አግዳሚው ላይ ሆነው አዩኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ጥር 19፣ ዓርብ

ወይዘሮ አልጣሽ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ። ፍኖተ ሰላም ዘመድ ቤት ነው ያደሩት። “እዚህ ቁጭ ልበል፣ አላስቸግርህም” ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ከኢንተርኔት የሰው መፍትሔ እየገለበጥኩ እለጥፋለሁ። አይሠራም። ሌላ እለጥፋለሁ።

“ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሲታመም ምንም አይልም?”

“ይላል። በእንግሊዝኛ ይጽፋል።”

“ታዲያ ምን አለህ?”

ምን ብሎኝ ነበር? አምስት ቀን ሙሉ የሰው ማሽን ያለውን ሳነብ የራሴን አላነበብኩም።

“መሪጌታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተማሪ ንባቡን ሳያደርስ ትርጓሜ ሲጀምር በአርጩሜ ነበር የሚመልሰው። እስቲ አንብብልኝ።”

አነበብኩ። ያንኑ ቀይ ጽሑፍ። ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያው አለ፣ የትም አልሄደም። ቃል በቃል፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ።

“ትርጓሜውስ?”

“ስም ነጋሪው ሥራ ሊጀምር ሲል... ቦታው ተይዟል፣ ነው የሚለው።”

“ማን ያዘው?”

ለእሳቸው ሌላ ጥያቄ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ስለ መሬታቸው ሲጠይቁት የኖሩት ይህንኑ ነው። እኔ መጠየቁ ሳይታሰበኝ ቀረ! አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ነገረኝ። አዲሱ ሲስተም የራሱን ስም ነጋሪ ይዞ መጥቶ የድሮው ቦታ ላይ ተቀምጧል። የእኛን ቢሮ ስሞች ደግሞ አንዱንም አያውቅም። ተነሣ አልኩት። የድሮውን መለስኩ። አራት ደቂቃ ፈጀ።

“ከፈተ!” አለች ያምሮት።

ቅጂው ታተመ፣ ማኅተም ተመታበት። ስሰጣቸው አላስቻለኝም። “እማማ፣ ኔትወርክ አልነበረም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።”

“አውቃለሁ። ስልክህ ጆሮህ ላይ ሲጮህ ገባኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ባዋርድህ ትሸሸኝ ነበራ። የሸሸ ሰው ምን ይሠራልኛል?”

ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። አቧራ ልበለው... እዚህም መዋሸት ጀመርኩ? አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ጥር 23፣ ማክሰኞ

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ዛሬም መጡ። የባላቸው ወንድም “ማስረጃው ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣ ነው፣ አይያዝብኝ” ብሏል። ዳኛው ደግሞ፦ መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ይግለጽ፣ እስከ ሐሙስ።

በጽሑፍ!

“ኔትወርክ ስላልነበረ” ብዬ ጀመርኩ። ወረቀት ላይ ሲያዩት እንዴት ያስጠላል! ያን ሳምንት ደግሞ አገሩ ሁሉ ኔትወርክ ነበረው። ይህን ቢደርሱበት የሚወድቀው የወይዘሮ አልጣሽ ማስረጃ ነው። ቀደድኩት።

“ቅጂው የዘገየው በእኔ ስህተት ነው። ሳልታዘዝና ሳልፈትሽ...” ብዬ ጨረስኩ። አቶ ወንድምአገኝ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ደውለህላቸው አልነበረም እንዴ?”

“አልደወልኩም።”

“ይህን ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም። ይገባሃል?”

“ይጻፉብኝ” አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጠነ። ፈረሙ። ከሥራ ቢያባርሩኝስ? ለእናቴ ምን እላታለሁ?

ጥር 25፣ ሐሙስ

ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ። “በቸልተኝነት” ይላል። ንባቡንም ትርጓሜውንም አድርሻለሁ። አልተባረርኩም።

የካቲት 20፣ ሰኞ

ዛሬ ኔትወርክ የለም። የእውነት! ለተሰለፈው ሰው ብናገር ያምሮት ዞር ብላ “የእውነት ነው ወይስ የአንተ?” አለችኝ። ስመኘውን ጠራሁት። ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ። “የኔም የለም!” ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከሰልፉ ኋላ ወይዘሮ አልጣሽ። ደግሞ ምን አበላሸሁ? ቅጂ አልፈለጉም። ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው።

“እዚያም አንብበውልኛል። አንተ ደግሞ አንብብልኝ።”

ቆሜ አነበብኩ። “መሥሪያ ቤቱ ስህተቱን አምኖ በጻፈው መሠረት ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቷል” የሚለው ጋ ስደርስ መስመሩን በጣቴ ይዤ ቀጠልኩ።

“ትርጓሜውስ?”

“መሬቱን ይልቀቅ ተብሏል፣ እማማ።”

“ማን ያዘው?”

“እርስዎ።”

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “ከላይ ጀምረህ ድገምልኝ” አሉ።

ኔትወርኩ እስኪመለስ ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው።